የማኪያቶው ማሽንና የወልቂጤ ውኃ

ጾም ካልሆነ በቀር፣ ወልቂጤ ላይ አንድ ካፌ «ማኪያቶ የለም» ካለ ምክንያቱ ከሦስት አያልፍም። ወይ መብራት ሄዷል፣ ወይ ውኃ ጠፍቷል፣ ወይ ማሽኑ ተበላሽቷል። ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሁለቱ ልጅ ነው።

ማሽኑ በተወለደበት አገር እንዲህ ያለ ጣጣ አልታሰበለትም። እ.ኤ.አ. በ1884 የቶሪኖው አንጄሎ ሞሪዮንዶ በእንፋሎት ቡና የሚያፈላ ማሽን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በ1901 የሚላኑ ሉዊጂ ቤዜራ ለአንድ ሰው አንድ ሲኒ የሚቀዳበትን መንገድ ጨመረበት። ሁለቱም ጉልበታቸው እንፋሎት ስለነበር ቡናው ያርና ይመር ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት አኪሌ ጋጂያ ውኃውን በእጅ በሚሳብ ሞላ ገፋው፤ ግፊቱ ከ2 ባር ወደ 9 ገደማ ዘለለ፣ ከላይ የሚንሳፈፈው ወርቃማ አረፋም መጣ። በ1961 ፋኤማ የተባለው ኩባንያ ሞላውን በኤሌክትሪክ ፓምፕ ተካው። ሥራው ቀለለ። ማሽኑ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ያለ መብራት ቡና የማይቀዳ ሆነ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የጣሊያን ወረራ አምስት ዓመት ቆይቶ በ1933 ዓ.ም. ቢያበቃም ቃላቱ አልወጡም። ማኪያቶ፣ ባር፣ ሞላ፣ ጓርኒሲዮን፣ አቸቶ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ የእነሱ ናቸው። አዲስ አበባ ፒያሳ ያለው ቶሞካ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ወደ ጉራጌ ከተሞች ያለው መንገድ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ወልቂጤ ጣሊያኖች በሠሩት የጅማ መንገድ ላይ 158 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ወደ ውስጥ ወደየቀበሌው የሚያስገባውን መንገድ ግን በ1950ዎቹ ራሳቸው ጉራጌዎች፣ በተለይ አዲስ አበባ የሚነግዱት፣ ገንዘብ አዋጥተው ማሠራት ጀመሩ። ሸቀጡም፣ የከተማው ልማድም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

መጠጡም እንደ መጣ አልቀረም። ጣሊያን ውስጥ ማኪያቶ ማለት ወተት ጠብ ያለበት ቡና ነው። እዚህ ወተቱ ተንሰራፍቶ «ጠቆር ያለ»፣ «ነጣ ያለ» ተብሎ ይታዘዛል። ስለዚህ ቡታጅራም ሆነ ወልቂጤ የማሽኑ ዋና ሥራ ከቡናው ይልቅ በእንፋሎቱ ወተት ማፍላት ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ሲበላሽም ቀድሞ የሚታወቀው በእንፋሎቱ ነው።

ባለሙያ ሲጠራ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሬዚስታንሱ ነው። የጉድጓድ ውኃ ካልሲየምና ማግኒዥየም ሲበዛበት፣ በፈላ ቁጥር ቦይለሩ ውስጥ እንደ ኖራ ያለ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ቅርፊቱ ሙቀቱን ያፍናል፤ በመጨረሻ ሬዚስታንሱ ራሱን ያቃጥላል። መድኃኒቱ አሲድ ነው፤ የሎሚ አሲድ ይሻላል፣ አቸቶ ሽታው ቶሎ አይለቅም። ሁለተኛው ተጠርጣሪ መብራቱ ነው። ለ220 ቮልት የተሠራ ሬዚስታንስ 180 ሲደርሰው ጉልበቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ «ሞተ» ተብሎ የሚፈታው በዚህ ጊዜ ነው።

ሦስተኛውን ብዙዎች ይረሱታል፦ ከፍታው። ሚላን ከባሕር ወለል በላይ 120 ሜትር ገደማ ናት፤ ወልቂጤና ቡታጅራ 2,000 ሜትር አካባቢ ናቸው። እዚያ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ እዚህ 94 ሳይሞላ ይፈላል። ማኖሜትሩ 1 ባር ሲያሳይ ሚላን ያለው ቦይለር 120 ዲግሪ ግድም ነው፣ የወልቂጤው ግን 117። ጥሩ ባለሙያ የግፊት መቆጣጠሪያውን ብሎን ትንሽ ያጠብቃል። «የፋብሪካው ልክ ይኼ ነው» ብሎ የሚሄደው ግን መጽሐፉን እንጂ አገሩን አላነበበም።

አሁን ደግሞ የቤት ማሽን መጥቷል፣ አብዛኛው የውጭ ዘመድ ስጦታ። ከአሜሪካ የመጣው ለ110 ቮልት የተሠራ ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ ከተሰካ ሬዚስታንሱ አራት እጥፍ ጉልበት ይቀበልና ወዲያው ይቃጠላል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «15 ባር» ለገበያ ነው፤ ለቡናው 9 ይበቃል። ነገሩ የገባቸው ትርፍ ግፊት የሚያስተነፍሰውን ቫልቭ ሞላ ያላላሉ፣ ሙቀቱን በዲግሪ የሚቆጣጠር ትንሽ ኤሌክትሮኒክስም ይጨምራሉ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከ57 ብር ተነሥቶ 100 የዘለለው ዶላር ስላለ፣ አዲስ ዕቃ ከማስመጣት ያለውን ማስተካከል ግዴታ እየሆነ ነው። ይሁን እንጂ ጓርኒሲዮን ከመኪና ጎማ ቆርጦ መግጠም ጥበብ ሊባል አይገባም፤ ያ ጎማ ለሚጠጣ ነገር አልተሠራም።

ትልቁ ማሻሻያ ግን የማሽኑን ቱቦ ከቧንቧ ነቅሎ ጀሪካን ውስጥ መክተት ነው። ፓምፑ ከጀሪካኑ ይስባል፤ ጀሪካኑ ባዶ መሆኑን ባሬስታው ካላየ ፓምፑ በደረቁ ሠርቶ ይቃጠላል። ይህን የፈጠረው የቧንቧው ድርቀት ነው። ወልቂጤ ውስጥ የድርቀቱን ክብደት የማያስታውስ የለም። በየካቲት 2015 ነዋሪዎች ባዶ ጀሪካን ይዘው ውኃ ለመጠየቅ አደባባይ ወጡ፤ በተተኮሰ ጥይት የሰው ሕይወት ጠፋ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ክልል ተለወጠ፣ ወልቂጤና ቡታጅራም በሁለት ዞን ተለያዩ። የጽሕፈት ቤቶቹ ማኅተም ተቀየረ። ካፌው ባንኮኒ ሥር ያለው ቢጫ ጀሪካን ግን አሁንም እዚያው ነው፣ ቱቦው አፉ ውስጥ ተሰክቶ።