ከማጣሪያው በፊት ያለው ገንዳ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 1914 ኤድዋርድ አርደርን እና ዊሊያም ሎኬት የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች በእንግሊዟ ማንችስተር ለሙያ ባልደረቦቻቸው አንድ ጥናት አቀረቡ። የከተማዋን ፍሳሽ በጠርሙስ ሞልተው አየር ሲነፉበት፣ መጀመሪያ ላይ እስኪጠራ አምስት ሳምንት ያህል ፈጅቶ ነበር። የጠራውን ውሃ እየቀዱ፣ ከታች የረጋውን ደለል ሳይደፉ አዲስ ፍሳሽ እየጨመሩ ሲደጋግሙት ግን ጊዜው እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ሥራው በአንድ ቀን ያልቅ ጀመር። ለካ በደለሉ ውስጥ ቆሻሻውን የሚመገቡ ባክቴሪያዎች ተራብተው ነበር። ዛሬም በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ትልልቅ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው።

ይህ ታሪክ በየመማሪያ መጽሐፉ ይገኛል። ብዙ የማይወራለት ግን ባክቴሪያዎቹ በሰላም እንዲሠሩ ያደረጋቸው ሌላ ነገር ነው፦ ፍሳሹን ከማጣሪያው በፊት አቆይቶ በእኩል መጠን የሚለቅ ማመጣጠኛ ገንዳ። የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ጠዋትና ማታ ይበዛል፣ ሌሊት ያንሳል፤ ዓይነቱ ግን ያን ያህል አይለዋወጥም። የፋብሪካ ፍሳሽ እንዲህ አይደለም። ሲያቀልሙበት የዋሉት በርሜል በአንድ ጊዜ ይደፋል፤ እሑድ ጠብታ አይወርድም፤ ሰኞ የሳምንቱ ሥራ ሲጀመር ጎርፍ ይመጣል። ከሁዳዴ ማግስት ሥጋ በአንዴ የወረደበት ሆድ እንደሚታወክ ሁሉ፣ ባክቴሪያዎቹም ድንገተኛ ብዛትን ወይም መርዝን አይችሉም። ይዳከማሉ፣ ይሞታሉ፤ ደለሉም መርጋቱን ትቶ ከውሃው ጋር ወደ ወንዝ ይወጣል።

የእንግሊዝ ከተሞች ይህን በሚገባ ያውቁት ነበር። የሱፍ ከተማ የሆነችው ብራድፎርድ ከሱፍ እጥበት የሚወጣው ቅባት ፍሳሿን ስላከበደባት በኤሾልት ጣቢያዋ ሰልፈሪክ አሲድ እየጨመረች ቅባቱን ለይታ ትሸጥ ነበር። ሊሸጥ የሚችል ቆሻሻ ያልገጠማቸው ከተሞች መፍትሔው በሕግ መጣላቸው። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው አዋጅ ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ወደ ከተማው መስመር የመልቀቅ መብት ሲሰጥ፣ ለከተማው አስተዳደር ደግሞ በየትኛው ሰዓት፣ ምን ያህልና በምን ፍጥነት እንደሚለቀቅ የመወሰን ሥልጣን ሰጠ። ቀን ሲያጥብ የዋለ ፋብሪካ ሌሊት ቀስ እያለ እንዲለቅ ከታዘዘ፣ ማቆያ ገንዳ ከመሥራት ሌላ ምን አማራጭ አለው?

ገንዳው ምን ያህል ይስፋ የሚለው ጥያቄ የተመለሰው ግን ከፍሳሽ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ሙያ ነው። ቬንዜል ሪፕል የተባለ የኦስትሪያ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1883 የመጠጥ ውሃ ግድብ መጠን የሚሰላበትን መንገድ አሳተመ። የሚገባው ውሃ እየተደመረ በመስመር ይሣላል፤ በአማካይ የሚወጣው ከጎኑ ይሠመራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የግድቡን መጠን ይናገራል። የፍሳሽ መሐንዲሶች በወር የሚቆጠረውን በሰዓት ለውጠው ያንኑ ስሌት ወሰዱት። ዘዴው እኛንም ይነካል። ካይሮ ውስጥ ለዓመታት ዓባይን ያጠናው እንግሊዛዊው ሃሮልድ ኸርስት፣ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደውን ውሃ መዝገብ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1951 የድርቅ ዓመታት ተከታትለው የመምጣት ጠባይ እንዳላቸው፣ ስለዚህም ማከማቻው በተለመደው ስሌት ከሚገመተው በላይ መስፋት እንዳለበት አሳየ። ክፉ ቀን ብቻውን አይመጣም ማለት ነው። ለገንዳ ትርፍ ቦታ የሚተው መሐንዲስ ይህን ያስባል።

የገንዳው ጥቅም እንደ ቆዳ ፋብሪካ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ የለም። ጥሬው ቆዳ ጨው እየለቀቀ ይዘፈዘፋል፤ ፀጉሩ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ይወልቃል፤ ቀጥሎ በአሲድ ይታከማል፤ ከዚያ ክሮም ውስጥ ይገባል። የኖራው ፍሳሽ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 12 አካባቢ ሲሆን የክሮሙ 4 እንኳ አይሞላም። ሁለቱ ቢገናኙ በከፊል አንዱ የአንዱን ኃይል ይሰብራል፤ ለማስተካከያ የሚወጣው የኬሚካል ወጪም ይቀንሳል። ግን እዚህ ላይ ሞት አለ። ሰልፋይድ ያለበት ፍሳሽ አሲድ ሲነካው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግዴታ ነው፦ የኖራው ፍሳሽ ለብቻው ተጠራቅሞ በማንጋኒዝና በአየር ሰልፋይዱ ይጠፋል፤ ክሮሙም ለብቻው እንዲረጋ ተደርጎ ይለያል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሁሉም በአንድ ገንዳ የሚደባለቀው። በገንዳው ውስጥ ማማሰያ ወይም አየር ከሌለ ደግሞ ደለሉ ታች ይጋገራል፣ ውሃው ይሸታል፣ ክምችቱም አይመጣጠንም። ጨው በዚህ ሁሉ አይወገድም፤ ገንዳው የሚያደርገው በአንዴ እንዳይወርድ ብቻ ነው።

በሞጆና በአቃቂ ወንዞች ዳር የተተከሉ ቆዳ ፋብሪካዎች ይህን ታሪክ በራሳቸው ዳርቻ ያውቁታል። የአቃቂ ውሃ አትክልት ይለማበታል፤ ስለዚህ ከፋብሪካ በአንድ ሌሊት የተለቀቀ ነገር እስከ ገበታ ይደርሳል። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሌላ መንገድ መረጠ። የሐዋሳ ሐይቅ ውሃው የሚወጣበት ወንዝ ስለሌለው የገባበት ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። በዚህ ምክንያት ፓርኩ በቀን 11 ሺህ ሜትር ኪዩብ የማጣራት አቅም ያለው፣ አብዛኛውን ውሃ ለፋብሪካዎቹ መልሶ የሚያቀርብ ጣቢያ ተሠራለት። ውሃን በቀጭን ማጣሪያ የሚያሳልፍ እንዲህ ያለ ጣቢያ ያለ ማመጣጠኛ ገንዳ አይታሰብም፤ የማቅለሚያው ጭነት በድንገት ከመጣ ማጣሪያው ይደፈናል።

ገንዳ ሲመረቅ ሪባን አይቆረጥለትም፤ በጀት ሲያጥር ግን ቀድሞ የሚጠበው እሱ ነው። የአካባቢ ተቆጣጣሪዎች ናሙና ሲወስዱ በጸጥታው ሰዓት ሳይሆን በርሜሎቹ በሚደፉበት ሰዓት ይሂዱ፤ ስለ ማጣሪያው ከመጠየቃቸው በፊትም ገንዳው ስንት ሰዓት እንደሚይዝና ማማሰያው እየዞረ መሆኑን ይጠይቁ።