ለኮምፒዩተር ወዳጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቢል ጌትስ ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ፌብሯሪ 3 ቀን 1976 እ.ኤ.አ. የጻፈው አጭር ደብዳቤ ነው። ሶፍትዌርን ሳይከፍሉ መቅዳት ስርቆት ነው ወይ፣ ፕሮግራመርስ የድካሙን ዋጋ ከማን ያገኛል የሚለውን ክርክር በግል ኮምፒዩተር ተጠቃሚዎች ዘንድ አደባባይ ያወጣው ይህ ደብዳቤ ነው።

መነሻው አልቴር 8800 የተባለው ኮምፒዩተር ነው። አልበከርኪ ከተማ የነበረው ኤም.አይ.ቲ.ኤስ. ኩባንያ በ1975 ለገበያ ሲያቀርበው የቁልፍ ሰሌዳም ስክሪንም አልነበረውም። ጌትስና ጓደኛው ፖል አለን ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አዘጋጁለት፤ ሞንቴ ዴቪዶፍ የሚባል ተማሪም የሒሳቡን ክፍል በመጻፍ አገዛቸው። ማሽኑ በእጃቸው ስላልነበረ ሥራቸውን የፈተሹት በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ላይ አልቴርን አስመስለው ነበር።

ቤዚክ ይሸጥ የነበረው በተበሳሳ የወረቀት ጥቅል ነው። ቴሌታይፕ የተባለው መሣሪያ ቀዳዳዎቹን በሰከንድ 10 ፊደል ሒሳብ እያነበበ 4 ኪሎባይቱን የቤዚክ ዓይነት ለማስገባት 7 ደቂቃ ያህል ይፈጅበት ነበር። ያው መሣሪያ አዲስ ጥቅል መብሳትም ስለሚችል፣ ለመቅዳት ወረቀትና ትዕግሥት ይበቃ ነበር። ኩባንያው በጁን 1975 ፓሎ አልቶ ውስጥ ማሽኑን ሲያስተዋውቅ አንድ ጥቅል ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ቅጂዎቹ በሆምብሩ ኮምፒዩተር ክለብ ስብሰባ ላይ ታደሉ፤ ደንቡም አንድ የወሰደ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት ይዞ ይምጣ የሚል ነበር።

ይህን ሁሉ የስስት ሥራ ብቻ አድርጎ ማየት አይገባም። ሰፋ ያለው የ8 ኪሎባይት ቤዚክ ከኩባንያው ሜሞሪ ጋር ለሚገዛ ሰው 75 ዶላር፣ ለብቻው ለሚፈልግ 500 ዶላር ነበር። የኩባንያው ሜሞሪ ካርድ ደግሞ በብልሽቱ የታወቀ ነው። ደህና ሜሞሪ ከሌላ ሻጭ የገዛ ደንበኛ ለቤዚኩ የሚጠየቀው፣ ሳይገጣጠም 397 ዶላር ከቀረበው ከኮምፒዩተሩ ራሱ ይበልጥ ነበር። ለደራሲዎቹ ከአንድ ቅጂ የሚደርሳቸው ግን 35 ዶላር ነበር።

ጌትስ በደብዳቤው ከአልቴር ባለቤቶች ቤዚክን የገዙት ከ10 በመቶ አይሞሉም አለ፤ የተጠቀሙበት የኮምፒዩተር ጊዜ ከ40,000 ዶላር በላይ እንደሚያወጣ፣ ገቢያቸው ለሥራ ሰዓታቸው ሲካፈል ግን በሰዓት 2 ዶላር እንኳ እንደማይሞላ ጻፈ። አብዛኞቻችሁ ሶፍትዌር ትሰርቃላችሁ ማለቱ ብዙዎችን አስቆጣ። አንዳንዶቹም ያ የሃርቫርድ ኮምፒዩተር በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ መሆኑን መልሰው አነሱበት። ተገቢ ትችት ነው፤ ሆኖም ወራት የፈጀ የሰው ድካም ዋጋ አለው የሚለውን የደብዳቤውን ፍሬ ነገር አያፈርስም።

ከቁጣው ይልቅ የሚጠቅመው መልስ በሥራ የተሰጠው ነው። ቶም ፒትማን ታይኒ ቤዚክ የተባለውን አነስተኛ ዓይነት ጽፎ በ5 ዶላር ሸጠ። ጂም ዋረን የተባለ የኮምፒዩተር መጽሔት አዘጋጅም በዚያው በ1976፣ ዋጋው ከመቅዳት ድካም ካነሰ ሰው ከመቅዳት ይልቅ መግዛትን ይመርጣል ሲል ጻፈ። ከጌትስ ኩባንያ ከማይክሮሶፍት የመጀመሪያ ሠራተኞች አንዱ የነበረው ቦብ ዋላስ ደግሞ በ1983 ከኩባንያው ወጥቶ ፒሲ ራይት የተባለውን የጽሑፍ ፕሮግራም ሠራ። ሰው ሁሉ እንዲቀዳው ፈቀደ። 75 ዶላር ከፍሎ የተመዘገበ ደንበኛ የራሱ ቁጥር ያለበት ቅጂ ይደርሰው ነበር፤ ያንን የቀዳ ሰው በተራው ሲመዘገብ ለመጀመሪያው ደንበኛ 25 ዶላር ይታሰብለት ነበር። መቅዳት የሽያጭ መንገድ የሆነበት እንዲህ ያለ ብልሃት ከብዙ ክስ የበለጠ ሊነገርለት ይገባል።

በሕግ በኩል ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት የኮምፒዩተር ፕሮግራምን በቅጂ መብት ሕጉ ውስጥ በግልጽ የደነገገው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥራል። ያም ሆኖ ኮምፒዩተሩን ጥገና ቤት ወስዶ ፎርማት የሚያስደርግ ሰው ብዙ ጊዜ ዊንዶውሱም፣ ኦፊሱም፣ የአማርኛ መጻፊያውም ከአንድ ፍላሽ ተጭነውለት ይወጣል። የሚከፍለው ለጫነለት ባለሙያ ነው፤ የግእዝ ፊደላችንን ኮምፒዩተር ላይ ለማዋል ዓመታት የደከሙት ፕሮግራመሮች ከዚያ ሒሳብ የሚደርሳቸው ነገር የለም።