ጦም ያደረ መሬት ባዶ መሬት አይደለም

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ለዓመታት ታጥሮ ቤት ያልተሠራበት ቦታ ስታዩ «መሬቱ ጦሙን አደረ» ትላላችሁ። ወቀሳ ነው፤ ለከተማ ቦታ ተገቢም ሊሆን ይችላል። በዚሁ ዓይን የመተከልን ቆላ ስናይ ግን እንሳሳታለን። ከዚህ ቀደምም ተሳስተናል።

በመተከል ጉሙዞች፣ በጋምቤላ ጫካ ደግሞ ማጃንጎች በተዘዋዋሪ እርሻ ሲኖሩ ቆይተዋል። በጉሙዝ አገር ዝናብ ከመግባቱ በፊት ቁጥቋጦው ተመንጥሮ ይደርቃል፣ ይቃጠላል። ከዚያም ያለ በሬ፣ በእጅ መሣሪያ ማሽላ፣ ዳጉሳና ሰሊጥ ይዘራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማሳው ይለቀቅና ዱሩ መልሶ ይወርሰዋል።

ለምን ይቃጠላል? አመዱ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ካልሲየም ለአፈሩ ይሰጣል፤ አሲዳማነቱንም ይቀንሳል። ከዕፅዋቱ ናይትሮጅን አብዛኛው ግን ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ አመዱ የጥቂት ዓመት ስንቅ ነው። ስንቁ ሲያልቅ፣ አረሙም ሲበረታ ገበሬው ወደ ሌላ ማሳ ይዞራል። በተለቀቀው ማሳ ላይ የዛፎች ሥር ከጥልቅ አፈር ማዕድን ይስባል፣ የሚረግፈው ቅጠል ይበሰብሳል፣ ጥላው አረሙን ያጠፋል። መሬቱ ጦም እያደረ ሳይሆን እየበላ ነው ማለት ይቻላል።

እስቲ ቀለል ያለ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ቤተሰብ በዓመት 1 ሄክታር ያርሳል እንበል። ማሳው 3 ዓመት ታርሶ 12 ዓመት ካረፈ፣ ሙሉው ዙር 15 ዓመት ይሆናል። 15 ለ3 ሲካፈል 5 ነው፤ ቤተሰቡ 5 ሄክታር ያስፈልገዋል ማለት ነው። በየትኛውም ዓመት ብትሄዱ 4ቱ ሄክታር ዱር መስለው ይታያሉ። ለእንግዳ ሰው ባለቤት የሌለው መሬት፣ ለቤተሰቡ ግን የመጪዎቹ 12 ዓመታት እርሻ ነው።

ይህ ሒሳብ በአደባባይ የተረሳው ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ነው። ደርግ ከወሎ፣ ከከምባታና ሐዲያ እንዲሁም ከሌሎች አካባቢዎች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በበለስ ሸለቆ፣ ፓዌ አሰፈረ። ብዙዎቹ በፈቃዳቸው አልመጡም፤ ወባውም ጎዳቸው። በጣሊያን ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተከተለ፤ ዱሩ በዶዘር ተመንጥሮ በትራክተር ታረሰ። በዕቅድ ላይ «ባዶ» የተባለው መሬት ግን ጉሙዞች የሚያርሱት፣ የሚያድኑበትና ማር የሚቆርጡበት ነበር።

እንዲህ ያሰበው ደርግ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ተዘዋዋሪ እርሻን ለምርት ዕድገትና ለደን ጥበቃ ትልቁ እንቅፋት ብሎት ነበር። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት ያው ድርጅት ሐሮልድ ኮንክሊን በፊሊፒንስ ሃኑኖዎች ላይ የሠራውን ጥናት አሳተመ። ጥናቱ ገበሬዎቹ እሳቱንም ሆነ የመሬቱን ዕረፍት በዕውቀት እንደሚመሩ ያሳየ ነው።

አሁን ወደ ሒሳባችን እንመለስ። ከ5ቱ ሄክታር 3ቱ ተወሰዱ እንበል። ቤተሰቡ በዓመት ያንኑ 1 ሄክታር ማረስ ካለበት፣ ዕረፍቱ ከ12 ዓመት ወደ 3 ዓመት ይወርዳል። ዛፍ በ3 ዓመት አይደርስም፤ አፈሩም ይደክማል። ያኔ ጥፋቱ በእሳቱና በገበሬው ይላከካል፤ የተወሰደው 3 ሄክታር ግን አይነሳም።

ሕዝብ ሲበዛ ይህ አሠራር ብቻውን እንደማይበቃ እውነት ነው። ቢሆንም ለሰፈራም ሆነ ለኢንቨስትመንት «ያልለማ መሬት» ተገኘ ሲባል ስትሰሙ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህን ዱር ከስንት ዓመት በኋላ ሊያርሰው የሚጠብቅ ማን አለ?