ሽታ የሌለው ጋዝና የቀዳዳው ፍለጋ

በአሮጌ መኪና ማቀዝቀዣ ውስጥ ጋዝ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ መፈለግ የጋራዥ ሥራ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ታሪኩን ስንመረምር ለዓለም ሁሉ የሚተርፍ ትምህርት አገኘንበት። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የቀድሞዎቹ ማቀዝቀዣዎች ብዙ ጊዜ በአሞኒያ ወይም በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሠሩ ነበር። እነዚህ መርዛም ጋዞች ናቸው፤ ሆኖም ሽታቸው ስለሚከረፋ ጥቂት እንኳ ቢያመልጡ አፍንጫ ወዲያው ያስታውቃል። በ1928 ቶማስ ሚጅሊ የተባለ አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር ፍሪዮን 12 የተባለውን ጋዝ ለማቀዝቀዣ አዋለ። ይህም አይቃጠልም፤ በቀላሉ አይመርዝም፤ ሽታም የለውም። በ1939 የፓካርድ ፋብሪካ ማቀዝቀዣ ያለው አውቶሞቢል ካሳየ ወዲህ ጋዙ በመኪናም ተስፋፋ።

ሽታ ማጣቱ ግን ማምለጡን ሰወረው። ባለመኪናው ቅዝቃዜው ሲደክም ጋዝ ያስሞላል፤ የቀድሞው ወዴት እንደ ሄደ ግን አይጠይቅም። በ1974 ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ሊቃውንት ይህን የመሰለ ጋዝ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀንን የኦዞን ሽፋን እንደሚያጠፋ አስረዱ። በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በደቡብ ዋልታ ላይ ሽፋኑ እጅግ መሳሳቱን ገለጡ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ አገራችንም በ1994 ገባችበት። ከፍታ ሲጨምር ጨረሩ ስለሚበረታ ነገሩ ለእኛ ለገሳይና ለደብረ ታቦር ደገኞች የሩቅ ወሬ አይደለም።

ጋዙ ሲለወጥ ፍለጋውም ተለወጠ። ፍሪዮን ክሎሪን ስላለበት በመዳብ ላይ የሚነድ የመፈለጊያ መብራት ነበልባሉ አረንጓዴ ሆኖ ያጋልጠው ነበር። በ1990ዎቹ የተተካው አር 134ኤ ክሎሪን ስለሌለው ኦዞንን አይጎዳም፤ መብራቱም አያገኘውም። ነገር ግን ሙቀትን በማመቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,400 ጊዜ ያህል ይበረታል። ስለዚህ በ2016 በኪጋሊ የዚህ ዓይነት ጋዝ እንዲቀነስ ተወሰነ። ዛሬ ባለሙያው በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይፈልገዋል፤ ጋዙም ከአየር ስለሚከብድ መሣሪያውን ከመጋጠሚያው በታች ይይዛል። መሣሪያ ባይኖርም ጋዙ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ አቧራ የያዘ ቅባት ምልክት ይሆናል፤ የሳሙና ውኃ ሲቀቡትም አረፋ ይነፋል።

በእኛ ደጋ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። በጉና ተራራ አካባቢ ብርዱ ስለሚበቃ ሾፌሩ ማቀዝቀዣውን ወራት ሳይከፍት ይቈያል፤ ወደ ወረታና ፎገራ ሜዳ ወርዶ ሲከፍተው ግን ነፋሱ ሞቃት ይሆንበታል። ይኸውም ኮምፕሬሰሩ ካልሠራ ዘይቱ ስለማይዳረስ የዘንጉ ጎሚኒ ደርቆ ጋዙን ያሳልፋል። አልፎ አልፎ ለ10 ደቂቃ ያህል ማሠራት ከዚህ ያድናል።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ጋዝ መሙላት በሽታን መደበቅ ነው። እንግዲህ ከመካከላችን ነገ የእጅ ሙያ የሚይዝ ሁሉ አስቀድሞ ቀዳዳውን ይፈልግ፤ የባለመኪናውን ገንዘብና የሁላችንን ሰማይ በአንድነት ይጠብቃልና።