የጡት ካንሰርና የአኗኗር ለውጥ፦ ለነታንያ እናቶችና ሴት ልጆች

«ይህ በሽታ በአገራችን አልነበረም» የሚል አነጋገር በማኅበረሰባችን ዘንድ አለ። በሽታውስ በኢትዮጵያም አለ። ሆኖም አነጋገሩ ጥቂት እውነት ይዟል። በጎንደር ገጠር ያደገች እናት የወር አበባዋን ዘግይታ አየች፣ በወጣትነቷ ወለደች፣ እያንዳንዱን ልጅ ለረጅም ጊዜ አጠባች፣ ውሃና እንጨት ተሸከመች። ይህ ሁሉ ጡት ኤስትሮጅን ለሚባለው የሴት ሆርሞን የሚጋለጥበትን መጠን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 ከ30 አገሮች የተሰበሰቡ 47 ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረመሩ፣ የመያዝ ዕድል በእያንዳንዱ ወሊድ በ7 በመቶ፣ በየ12 ወሩ ማጥባት ደግሞ በ4.3 በመቶ እንደሚቀንስ ታይቷል።

ይህ ጥበቃ ግን ከእናት ወደ ልጅ አይወረስም። ነታንያ ተወልዳ የምታድግ ልጅ ትማራለች፣ ዘግይታ ታገባለች፣ ሁለት ወይም ሦስት ትወልዳለች። ጥፋት አይደለም፤ ካንሰርን ፈርታ ትምህርቷን የምትተው አትኑር። በእጇ ያለውን ግን ትወቅ።

ከሁሉ በፊት ክብደት ነው። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ኤስትሮጅን በአብዛኛው የሚመረተው በሰውነት ስብ ውስጥ ነው። ነጭ ዳቦ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ የጠርሙስ ጣፋጭ መጠጥና ቁጭ ብሎ መዋል የስኳር በሽታን እንዳመጡብን ሁሉ እዚህም ድርሻ አላቸው። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ክብደትን ለመጠበቅ ይረዳሉ፤ ካንሰርን የሚያድን ቅመም ግን የለም፣ አለ የሚላችሁን አትመኑ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይመከራል፤ የነታንያ የባሕር ዳር መንገድ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ቢራም ሆነ ጠላ ወይም አረቄ፣ የአልኮል መጠጥ በየቀኑ ሲጠጣ ሥጋቱን ይጨምራል፤ በቀን አንድ ብርጭቆ እንኳ በ7 በመቶ ያህል።

ስለ እርግዝና መከላከያ መርፌ ብዙዎች ይጠይቃሉ። በጥር 2013 የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ፕሮፌሰር ሮኒ ጋምዙ፣ የመርፌውን ውጤት በሚገባ ላልተረዳች ሴት ማዘዣው እንዳይታደስ ለኩፓት ሆሊሞች መጻፋቸው ይታወሳል። ካንሰርን በተመለከተ፣ ሆርሞን ያለበት መከላከያ በሚወሰድበት ጊዜ ሥጋቱን በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል፤ ካቆሙ በኋላ በዓመታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። በ2017 በዴንማርክ የወጣ ጥናት ጭማሪውን ከ100,000 ሴቶች በዓመት 13 ያህል አድርጎ ገምቶታል። ስለዚህ በፍርሃት በራስ ከማቋረጥ ሐኪም ማማከር ይሻላል። የወር አበባ ካቆመ በኋላ ሁለት ሆርሞኖችን አጣምሮ ለዓመታት መውሰድም ሥጋት አለው።

ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 74 የሆኑ ሴቶች በየሁለት ዓመቱ በኩፓት ሆሊም በኩል ማሞግራፊያ ያለ ክፍያ ይነሳሉ። እናቷ፣ እህቷ ወይም ልጇ የታመመችባት ሴት ቀደም ብላ መጀመር ስላለባት ለሐኪሟ ትንገር። እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም ከጡት ጫፍ ደም ሲታይ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ እብጠቱ ባያምም እንኳ። እናት ስለ ጡቷ በወንድ ልጇ አፍ መናገር ታፍራለች፤ ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ አማርኛ ተርጓሚ እንዲመደብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።