ተቀበል!

«ሲኒማ ራስ! ሲኒማ ራስ! የሞላ፣ አንድ ሰው!» የሚለውን የወያላ ጩኸት ያልሰማ አዲስ አበቤ ይኖራል ብዬ አልገምትም። የሚገርመው፣ ወያላው የሚጣራበት ሲኒማ ቤት በዚያ ስም መጠራቱ ካበቃ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በደርግ ጊዜ ቴአትር ቤት ተደርጎ «ራስ ቴአትር» ተብሏል። የመርካቶ ሰው ግን በአዋጅ ስም አይቀይርም። አሮጌው ሕንፃ ሲፈርስም ስሙ አብሮ አልፈረሰም፤ ተሳፋሪው ዛሬም «ሲኒማ ራስ ወራጅ አለ» ይላል።

እኔ ያደግሁት ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ነው። ልጅ ሳለሁ ታክሲ ስሳፈር መጀመሪያ የማየው ሹፌሩን ሳይሆን ከራሱ በላይ የተለጠፈውን ጥቅስ ነበር። በሩን በኃይል የሚዘጋውን ተሳፋሪ የሚገሥጽ፣ ያልተዘረዘረ ብር ይዞ የሚገባውን የሚሸነቁጥ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ገንዘብ ቤት እየመታ የሚፈላሰፍ ጥቅስ። ደራሲው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። አንዱ መኪና ላይ ሴቶችን የሚወርፍ ካነበባችሁ፣ ከኋላው በተሰለፈው ላይ ለወንዶቹ የተመለሰ ታገኛላችሁ። ከሚኒባሱ በፊት ለነበረው፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ ለሚቀመጥበት ታክሲ ሕዝቡ ያወጣለት ስም «ውይይት» እንደነበረም አንርሳ።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ስለ ታላላቅ ባለቅኔዎች አይደለም። ስለ ተራው ገጣሚ ነው፤ ስሙ በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ወጥቶ ስለማያውቀው፣ ሁለት ስንኝ ቋጥሮ የሌላውን ሰው መልስ ስለሚጠብቀው። መልስ የሚጠብቅ መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። እንደ እኔ አስተያየት የአማርኛ ግጥም ሲጀመር ለጭብጨባ አልተሠራም፤ ለምላሽ ነው የተሠራው።

አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ በየመቀመጫው ይዞራል። ከእንግዶቹ አንዱ ሞቅ ሲለው «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል፤ እንግዳው ሁለት ስንኝ ይነግረዋል፤ አዝማሪው በዜማ አድርጎ ለቤቱ ያሰማል። ከወዲያ ጥግ ደግሞ ነገሩ የነካው ሌላ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ መልሱን ይሰዳል። ሁለቱ ሰዎች ጨርሶ ላይተዋወቁ ይችላሉ። አዝማሪው መሃል ቆሞ ያቀባብላቸዋል። ያቀባብላል ስል ግን እንደ ፖስተኛ ማለቴ አይደለም። ስንኙ ከዜማው ካጠረ ይስበዋል፤ ከረዘመ ይቆርጠዋል፤ ስድቡ ከበዛ ያለዝበዋል፤ አንዳንዴም ሁለቱንም የሚያሸማቅቅ የራሱን ያክልበታል። ዛሬ አርታኢ የምንለው ሰው በሳምንት የሚሠራውን ሥራ፣ ቆሞ፣ በአንድ ትንፋሽ ይሠራዋል።

ለመሆኑ የማይተዋወቁ ሰዎች እንዴት እንዲህ ወዲያው ሊግባቡ ቻሉ? ምስጢሩ የምጣኔው ነው። አማርኛ ሰው ሁሉ በጆሮው የሚያውቃቸው የግጥም ቤቶች አሉት። ስንኙ መሃል ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ በወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም፣ በሰንጎ መገን አምስት አምስት፣ ልጆች ለደብረ ታቦር በሚጨፍሩበት በቡሄ በሉ ደግሞ አራት አራት ነው። ፊደል የቆጠረውም ያልቆጠረውም፣ ጎጃሜውም ወሎዬውም ልኩን አስቀድሞ ያውቀዋል። ስለዚህ መልስ ሰጪው አዲስ ቤት መሥራት አይጠበቅበትም። ቤቱ የተሠራ ነው፤ እሱ ዕቃውን ይዞ ይገባል።

አባቴ ከጎጃም መጥቶ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። በወጣትነቱ፣ አንድ ማታ፣ ወደ ጎጃም በረንዳ አካባቢ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ያመሻል። ያን ሰሞን ገንዘብ አበድሮት የተሰወረበት ወዳጅ ነበረውና አዝማሪውን ተቀበል ብሎ እንዲህ አለ፦

ብር ባበድረው ጠፋ፣ ብፈልገውም ሸሸ፤
እደጁ ቆሜ ነው፣ ይኸው ቀኑ መሸ።

ቤቱ አዘነለት። ትንሽ ቆይቶ ከበሩ አጠገብ ብቻውን ተቀምጦ የነበረ፣ ባለ ካፖርት ሰውዬ «ተቀበል!» አለ።

በነጻ ዘብ ሆኖ፣ ደጄን የጠበቀ፣
ብድሩን አምላክ ይክፈል፣ የኔ ኪስ ደረቀ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ብድር» የምትለዋ ቃል ሁለት ፊት እንዳላት አስተውሉ፤ የአባቴን ገንዘብም ትሆናለች፣ ለበጎ አድራጊ የሚመረቀውን ውለታም ትሆናለች። ሰውዬው ማን እንደሆነ አባቴ እስከ ዛሬ አላወቀም። ይህን ታሪክ ሲያወራ ግን አጣጥሞ የሚደግመው የራሱን ስንኝ አይደለም፤ የረታውን ሰው ነው።

ቤተ ክህነቱ ይህንኑ ነገር በሌላ መልክ፣ በግእዝ ያውቀዋል። በቅኔ ቤት፣ ዋሸራ በሉት ጎንጅ ወይም ዋድላ፣ ተማሪው ቀን ከሰው ተለይቶ ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ ሦስት ቤቷ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እያለ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። የኔታ ያርማሉ። ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመውን ይጥላሉ። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ትልቅ ነውር ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅኔው የሠመረ እንደሆነ አድማጩ «ይበል!» ይላል፤ ካልሠመረ ዝም ነው። ያ ዝምታ ምን ያህል እንደሚከብድ ያለፈበት ያውቀዋል። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማን ትዝታ ከአንደበታቸው ጽፈው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙትን «መጽሐፈ ትዝታ» ያነበበ ሰው የዚህን ዓለም ለዛ ቀምሶታል። በነገራችን ላይ መንግሥቱ ለማን የመሰለ ጨዋታ አዋቂ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት ከቅኔ ሊቅ ቤት መውጣቱ አይደንቅም።

ገበሬውም ቢሆን ለመንግሥት ሳይቀር በግጥም ይመልሳል። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል፣ የምሥራቅ ጎጃም ገበሬዎች በስብሰባ ላይ በግልጽ ያላሉትን በግጥም ብለውታል። ጌቴ ገላዬ የተባሉት ምሁር ይህን ቃል ግጥም ሰብስበው አጥንተውታል። «ቢሮክራት» ተብሎ መሬቱ የተቀነሰበት ሰው አቤቱታውን የት ይበል? ማመልከቻ ቢጽፍ መዝገብ ቤት ይቀራል፤ ስንኝ ቢቋጥር ግን ጎረቤቱ ይቀበለዋል።

ጋዜጣና መጽሔት ሲመጡ ለአንባቢ ግጥም ገጽ ተከፈተ። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። መነንም የካቲትም አዲስ ዘመንም የብዙ ሰው የመጀመሪያ ግጥም የታየባቸው ናቸው። የተለወጠው ነገር አንድ ነው፤ መልሱ ዘገየ፣ መልስ ሰጪውም ራቀ።

የምቆየው ዩኒቨርሲቲው ላይ ነው። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በየዓመቱ የሚያከብረው «የኮሌጅ ቀን» ነበረው። ከዝግጅቱ አንዱ የተማሪዎች የግጥም ውድድር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይገኙ ነበር። በ1953 ዓ.ም.፣ የታኅሣሡ ግርግር ጥቂት ወራት እንዳለፈው፣ ታምሩ ፈይሳ የተባለ ተማሪ «ደሀው ይናገራል» የሚል ግጥም ይዞ ቀረበ። የግንፍሌን ውሃ፣ የጃንሜዳን ሜዳ እያነሳ ቢሆን ኖሮ ማንም ልብ ባላለው። ርዕሱ ግን ራሱ ነገሩን ሁሉ ይዞታል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ አዳራሽ ስለ ደሀው ይነገር ይሆናል እንጂ ደሀው አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ በሩ አልተዘጋም። ኢብሳ ጉተማ በዚያው መድረክ «ኢትዮጵያዊ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ዛሬም ያልተቋጨ መሆኑን ለዚህ አገር አንባቢ መንገር አያስፈልግም። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ ገሞራው የምንለው፣ «በረከተ መርገም»ን ይዞ መጣ። እኔ እነዚህን ግጥሞች ለየብቻ ማንበብ ትክክል አይመስለኝም። የተጻፉት ለዳኞች ብቻ አልነበረም። የአንዱ ዓመት ተማሪ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ «ተቀበል!» እያለው ነው፤ የሚቀጥለውም እየተቀበለ ድምፁን አንድ እርከን ከፍ እያደረገ ሄዷል። ድሃው ለምን ደኸየ ከሚለው ተነስቶ፣ እኛ ማን ነን ወደሚለው፣ ከዚያም ሊቅና ጠቢብ የተባለውን ሁሉ ወደ መራገም የደረሰው በዚህ ቅብብሎሽ ነው። ገጣሚዎቹ ሃያዎቹን ዕድሜ ገና የጀመሩ፣ አብዛኞቹም በኋላ ኑሯቸውን በግጥም ያልመሩ ልጆች ነበሩ። አማተር ማለት እነሱ ናቸው።

ዋጋ አልነበረውም ማለት ግን አይቻልም። ገሞራው በኋላ ለትምህርት ቻይና ሄዶ፣ ዕድሜውን በስደት ጨርሶ፣ በ2007 ዓ.ም. ስዊድን ውስጥ አርፏል። አዝማሪ ቤት የሚመልስልህ ባለ ካፖርት ሰው ነው። እዚህኛው ቤት መልስ የሚሰጠው መንግሥት ነበር።

ደርግ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ ከበሮና ማሲንቆ ተገዛ፤ ልጆች ከየመንደሩ ተሰበሰቡ። ፍርድ ሳላጓድል ልናገር፦ መድረክ አይቶ የማያውቅ የድሃ ልጅ ሕዝብ ፊት ቆሞ ግጥም ማንበብ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከእነዚህ ቡድኖች የወጡ ታላላቅ ከያንያንም አሉን። ነገር ግን ምላሹ አስቀድሞ ተወስኗል። ማን ይለምልም፣ ማን ይውደም የሚለው ከላይ ተጽፎ ይመጣል፤ አዳራሹም እጁን አንስቶ ይደግማል። «ይበል!» ማለት ግዴታ በሆነበት ቤት የቅኔ ቤቱ ዝምታ ቦታ የለውም። ዝም ያለ ሰው ጉድ ይፈላበታል።

እኔ የደረስኩበት ዘመን ሌላ ነው። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ወጥቶ የግል መጽሔቶች እንደ አሸን ሲፈሉ እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ። ከዓመታት በኋላ፣ በትምህርት ቤት፣ የእኛ መጽሔት ኦቶግራፍ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ደብተር ይዞራል፤ አንዷ አራት ስንኝ ጽፋ ለሌላው ታቀብላለች፤ እሱ ከሥሯ መልስ ይጽፋል፤ ሦስተኛው ደግሞ በጎን፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ሁለቱንም ይተቻል። የፊደል ግድፈቱና የተወጋው ልብ ሥዕል ለጉድ ነው። ሆኖም አንድም ስንኝ ሳይመለስለት አልቀረም።

ካደግሁ በኋላ ከሲኒማ ራስ ወደ ራስ ሆቴል ተሻገርኩ። ሁለቱ «ራሶች» ስማቸው እንጂ ሌላቸው አይገናኝም፤ አንዱ የሸክም ላብ የሚጠረግበት፣ ሌላው ማኪያቶ የሚጠጣበት ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት «ጦቢያ ግጥም በጃዝ» በራስ ሆቴል በየወሩ ይቀርብ ነበር። ምሥራቅ ተረፈ፣ ምሕረት ከበደ፣ አበባው መላኩ፣ ደምሰው መርሻ ግጥማቸውን በሳክስፎንና በከበሮ ታጅበው ያነቡ ነበር። ለመግባት ሰልፍ ነው። ወጣቱ ለግጥም ገንዘብ ከፍሎ ሲሰለፍ ማየት በበኩሌ ደስ ያሰኘኝ ነገር ነው፤ ግጥም ሞተ የሚሉትንም አፍ አስይዟል። ይሁን እንጂ መብራቱ መድረኩ ላይ ነው፤ አድማጩ ጨለማ ውስጥ ነው። ከጨለማው ውስጥ «ተቀበል!» የሚል ሰው አይነሳም፤ ቢነሳም ጥበቃ ያስወጣዋል።

የእሱን ፈለግ ተከትለው የተነሱ ትናንሽ የግጥም ምሽቶች በየአዳራሹ አሉ። ከእነዚህ በአንዱ እኔም አንድ ጊዜ አንብቤአለሁ። ከእኔ በፊት አሥራ አንድ ሰው አነበበ። ጥሩ ግጥም ነበረ፤ መጥፎ ግጥም ነበረ፤ ግጥም ያልሆነም ነበረ። ጭብጨባው ግን ለሁሉም እኩል ነው፣ እንደ ቀበሌ ስኳር የተመጠነ። የእኔም ተራ ደርሶ አነበብኩ፤ ተጨበጨበልኝ፤ ወረድኩ። ሲያልቅ ሁሉም ወደ ታክሲው ሮጠ።

ቤት ስደርስ አባቴ አልተኛም።

«ምን አሉህ?» አለኝ።

«አጨበጨቡ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«የመለሰልህ የለም?»

«አባዬ፣ እዚያ አይመለስም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ ሄድክ?» ብሎ ወረቀቱን ተቀበለኝ። መነጽሩን አድርጎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ በጣቱ እየቆጠረ ረጅም ጊዜ ተመለከተው። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቆመ። አምስት ቀለም ነው አለኝ፤ ያነክሳል። እውነትም አምስት ነበር። አሥራ አንድ ገጣሚና አዳራሽ ሙሉ ሰው ያላየውን፣ ወይም አይቶ በይሉኝታ ያለፈውን፣ ጨርቅ ነጋዴ አገኘው። አስተካክዬ እንደገና አነበብኩለት። አሁንም አልተዋጠለትም፤ ቤት መድፊያዋ ቃል ታሳዝናለች አለኝ።