ኢንዶስኮፒ፦ የውስጥ ምልከታ

በእኛ በወሎ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። አንዱ ተልባ በጥብጦ ይጠጣል፤ ሌላው ከመድኃኒት ቤት ኦሜፕራዞል ገዝቶ ይውጣል። በዚህ አንድ ስም የሚጠራው ሕመም ግን ብዙ ነው፤ የጨጓራ ግድግዳ መቆጣት፣ ቁስለት፣ የአሲድ ወደ ላይ መመለስ፣ አልፎ አልፎም ካንሰር። ሐኪም ሆድን ከውጭ ዳብሶ እነዚህን መለየት ይቸግረዋል። ኢንዶስኮፒ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «ውስጥን መመልከት» ማለት ነው፤ በአማርኛ «የውስጥ ምልከታ» ሊባል ይችላል። በአፍ በኩል ገብቶ የምግብ ቧንቧን፣ ጨጓራንና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ የሚያየው «የጨጓራ ምልከታ»፣ በፊንጢጣ በኩል የሚደረገው ኮሎኖስኮፒ ደግሞ «የትልቁ አንጀት ምልከታ» ይሆናል። ብዙ ሰው ግን በአጭሩ «በካሜራ ታየሁ» ይላል።

የጨጓራ ምልከታ መሣሪያው የትንሽ ጣት ያህል ውፍረትና አንድ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ተጣጣፊ ቱቦ ነው። ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ አለው። ራጅ ጥላ ብቻ ያሳያል፤ እዚህ ግን ሐኪሙ የግድግዳውን ቀለም፣ እብጠቱንና የሚደማውን ቦታ በስክሪን ላይ በቀጥታ ያያል። ካስፈለገም በቱቦው ውስጥ ቀጭን መቆንጠጫ አሳልፎ ለላቦራቶሪ የሚሆን ቅንጣት ናሙና ይወስዳል። ይህ ባዮፕሲ ይባላል፤ ሲወሰድ አያምም።

አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ጨጓራን እንደሚያስቆጣ ለማሳየት ሆን ብሎ ጠጣው። ጨጓራው መቆጣቱን ያረጋገጠው በኢንዶስኮፒና በናሙና ነበር። ለብዙ የጨጓራ ቁስለት ምክንያቱ ባክቴሪያው መሆኑን በማሳየታቸው እሱና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል ተሸለሙ። ዛሬ ባክቴሪያውን ለማግኘት የሰገራ ምርመራም ስላለ፣ ጨጓራውን ያመመው ሁሉ ካሜራ አያስፈልገውም።

ለእኛ አካባቢ ኢንዶስኮፒ ሌላም ጥቅም አለው። በሐይቅና በከሚሴ አካባቢ የሚገኘው የአንጀት ቢልሃርዚያ ለዓመታት ሳይታከም ሲቀር ጉበትን ያጠቃል። ወደ ጉበት የሚገባው ደም መተላለፊያ ሲያጣ በምግብ ቧንቧ ግድግዳ ያሉት ደም ሥሮች ያብጣሉ፤ ከፈነዱ በሽተኛው ብዙ ደም ያስመልሳል። ሐኪሙ ያበጠውን ደም ሥር በኢንዶስኮፕ አይቶ በትንሽ የላስቲክ ቀለበት ያስረዋል። ምርመራው ሕክምናም የሚሆነው በዚህ ነው።

ለጨጓራ ምልከታ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ከምግብ መታቀብ ያስፈልጋል። ረመዳንንና ሁዳዴን ለለመደ የወሎ ሰው ይህ ከባድ አይደለም፤ የጠዋቷ አቦል ግን ትቀራለች። ደም የሚያቀጥን ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ይናገር። ኦሜፕራዞልም የባክቴሪያውን ምርመራ ሊያሳስት ስለሚችል መቼ እንደሚቆም ሐኪሙን መጠየቅ ነው።

በሽተኛው በግራ ጎኑ ይተኛል፤ ጉሮሮው በሚረጭ ማደንዘዣ ይደነዝዛል፤ ቱቦውን እንዳይነክስ በጥርሶቹ መካከል ፕላስቲክ ይደረጋል። ቱቦው ሲያልፍ ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ምራቅ ይፈስሳል፤ በሚነፋው አየር ግሳት ይበዛል። በአፍንጫ ቀስ ብሎ መተንፈስ ይረዳል። ትንፋሽ አይታፈንም፤ ቱቦው የሚሄደው በምግብ ቧንቧ እንጂ በአየር ቧንቧ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያልቃል። የሚያስተኛ መድኃኒት ከተሰጠ ወደ ቤት የሚወስድ ሰው ያስፈልጋል፤ በዚያ ቀን መኪና መንዳትም አይቻልም። ጉሮሮው እስኪነቃ መብላትና መጠጣት ይቆያል።

ምግብ ሲውጡ የሚያንቅ፣ ያለ ምክንያት የሚያከሳ፣ ደም ማነስ ያስከተለ ወይም ትውከቱ የማያቋርጥ ሕመም በኦሜፕራዞል እየተሸፈነ መቆየት የለበትም፤ ካሜራ ያስፈልገው እንደሆነ የውስጥ ደዌ ሐኪም ይወስን። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። የብረት ክኒንም ሰገራ ስለሚያጠቁር የሚውጥ ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር። ናሙና የተወሰደለት ሰውም የላቦራቶሪ ውጤቱን ተመልሶ ይቀበል፤ ካንሰር መኖር አለመኖሩን የሚለየው እሱ ነው።